ጊሸን ለመውጣት ወይ ለሰርግ ብላችሁ የወር አበባ ማዘግየት ካሰባችሁ

የደሴና የኮምቦልቻ እህቶች፣ መስከረም 21 ጊሸን ልትወጡ አስባችሁ ወይ ዑምራ ልትሄዱ ተነስታችሁ ቀን ስትቆጥሩ የወር አበባችሁ እዚያው ላይ ከዋለ፣ የሚያዘገይ ክኒን አለ። ኖርኤቲስቴሮን ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ባለ 5 ሚሊግራሙ በቀን 3 ጊዜ ይታዘዛል። ዋናው ግን ቀኑ ነው፤ ይመጣል ከምትሉበት 3 ቀን ቀድሞ መጀመር አለበት። እኔ አምና ለእህቴ ሰርግ ዋዜማ ላይ፣ እጄ ላይ ሂናው እንኳ ሳይደርቅ ፒያሳ ፋርማሲ ሮጬ ስገባ ባለሙያዋ ሳቅ ብላ «አሁንማ ረፍዷል» አለችኝ። ሰርጉን በሞዴስና በህመም ማስታገሻ አሳለፍኩት።

ክኒኑን ስታቆሙ በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ይመጣል፣ ስለዚህ የመመለሻውን ቀንም ቁጠሩ። ጡት መወጠር፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ሊኖር ይችላል።

ከጓደኛ ተቀብላችሁ ግን እንዳትውጡ፣ በናታችሁ! መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። የደም መርጋት፣ የጡት ካንሰር ወይ የጉበት ችግር ካለባችሁ፣ ወይም እርግዝና ከጠረጠራችሁ አይሆንም። ጀምራችሁ አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ደረት ከወጋ ወይ ትንፋሽ ካጠረ አቁማችሁ በቀጥታ ሆስፒታል። እርግዝና እንደማይከላከልም እወቁ።

ባለ 28 ፍሬውን ጥምር (ሁለት ሆርሞን ያለበትን) የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትውጡ ደግሞ ሌላ ክኒን ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ሆርሞን የሌላቸውን 7ቱን ቡናማ ፍሬዎች ዘላችሁ አዲሱን ማሸጊያ መጀመር ይቻላል፣ ባለሙያዋን ጠይቋት።