በክሎን የተባዙ የጣውላ ዛፎች እድገት ላይ የዘርንና የአካባቢን ድርሻ ለይቶ ማወቂያ መንገድ

ከአንድ እናት ዛፍ በቁራጭ የተባዙ ዛፎች (በአንድነት ክሎን ይባላሉ) በዘረመል አንድ ናቸው ሊባል ስለሚችል፣ በመካከላቸው የሚታየው የቁመትና የውፍረት ልዩነት በዋናነት ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከብርሃንና ከአያያዝ የሚመጣ ነው። በአንድ መሬት ላይ ተሰባጥረው የተተከሉ የተለያዩ ክሎኖች አማካይ ውጤት ሲለያይ ግን ምክንያቱ በአብዛኛው ዘር ነው። የሙከራው መሠረት እነዚህን ሁለት ልዩነቶች ማነጻጸር ነው።

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ገና በችግኝ ጣቢያ ነው። አራውካርያ ከተባለው ጽድ መሰል ዛፍ የጎን ቅርንጫፍ የተወሰደ ቁራጭ ሥር ሰዶ ራሱን ከቻለ በኋላም ወደ ጎን እየተጋደመ ያድጋል፤ ከጫፉ ከተወሰደው ቀጥ ብሎ ከሚያድገው ችግኝ በዘር ምንም ሳይለይ ማለት ነው። የእናት ዛፉ ዕድሜም ተመሳሳይ ተጽዕኖ አለው። ስለዚህ የሁሉም ክሎኖች ቁራጮች ተመሳሳይ ዕድሜ ካላቸው ቡቃያዎችና ከተመሳሳይ የዛፍ ክፍል በአንድ ጊዜ ይወሰዱ፤ ይህ ካልሆነ የአባዛዙ ልዩነት የዘር ልዩነት መስሎ ይቆጠራል።

መሬቱን አፈሩና ተዳፋቱ በሚለወጥበት አቅጣጫ በብሎኮች (በውስጣቸው ሁኔታው ተቀራራቢ በሆነ ቁራሽ መሬቶች) ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ከእያንዳንዱ ክሎን አንድ ዛፍ በዕጣ በደረሰው ቦታ መትከል ያስፈልጋል። ዙሪያውን የማይለካ የድንበር ረድፍ ይተከል፤ ዳር ያለ ዛፍ ተጨማሪ ብርሃን ስለሚያገኝ ያታልላል። ጎረቤቱ የሞተበት ዛፍም እንዲሁ ስለሚወፍር፣ የደረቁት ዛፎች ቦታ መመዝገብ አለበት።

የግንዱ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተዳፋት መሬት ደግሞ ከላይኛው በኩል ተነሥቶ ይለካል። ውፍረት በዛፎች መጠጋጋት በእጅጉ ሲለዋወጥ ቁመት ግን ያን ያህል አይነካም፤ የእንጨቱ እፍጋት ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ዘርን የሚከተል ባሕርይ ነው።

ስሌቱ የሚያስፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። በ6 ብሎኮች የተተከሉ ክሎኖች የውፍረት አማካዮች ቫሪያንስ (የልዩነት መጠን መለኪያ) 5 ነው እንበል፤ የብሎኮች ልዩነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ በአንድ ክሎን ዛፎች መካከል የቀረው ቫሪያንስ 6 ይሁን። ይህ 6 ለብሎኮቹ ቁጥር ለ6 ሲካፈል 1 ስለሚሆን፣ ይህ ከ5 ተቀንሶ ለዘር 4 ይቀራል። በነጠላ ዛፍ ደረጃ የዘሩ ድርሻ 4 ለ10 (4 ሲደመር 6) ሲካፈል 0.4 ሲሆን፣ በ6 ዛፎች አማካይ ደረጃ ግን 4 ለ5 ሲካፈል 0.8 ይደርሳል። አንድ ያማረ ዛፍ አይቶ ክሎን መምረጥ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንድ ቦታ ብቻ የተገኘ ይህ ቁጥር የዘርን ድርሻ አጋንኖ ያሳያል፤ ክሎኑ ከዚያ ቦታ ጋር ያለው ልዩ መስማማት አብሮ ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሙከራው እርጥበታቸውና አፈራቸው በሚለያይ ቦታዎች ይደገም። የክሎኖቹ ደረጃ ከቦታ ቦታ ከተገለባበጠ ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱን ክሎን መምረጥ ይሻላል፤ ደረጃው ካልተለወጠ ግን ለሁሉም የሚሆኑ የጋራ ክሎኖችን መያዝ ይቻላል። ያም ሆኖ አንደኛ የወጣውን ብቻ በሰፊው መትከል ተገቢ አይመስለኝም፤ አንዱን ዛፍ የሚጥል በሽታ ሌሎቹንም በተመሳሳይ መንገድ ሊያጠቃ ስለሚችል፣ በዘር የማይቀራረቡ ጥቂት ክሎኖችን በየክፍሉ ለይቶ መትከል ይመረጣል።