ተሳቢ ለምትጎትት ፒካፕ የኋላ ባሌስትራ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ገብቶ «መኪናዬ ኋላዋ ይወርዳል» ያለ ሰው ዕቃ አያጣም። አዲስ ባሌስትራ (የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙት ተደራራቢ ጎባጣ ብረቶች) አለ፣ ያገለገለ አለ፣ ሞላ አለ፣ ሾክ አለ። የሚጠፋው «ምን ይጎትታሉ? ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ይዞ መሄድ ያለበት ገዢው ነው።

መሃል ከተማ ውስጥ ፒካፕ ምን ስትጎትት እናያለን? የመንገድ ሥራ ኮምፕሬሰር፣ የመድረክና የድግስ ጄኔሬተር፣ የውሃ ታንከር። ሦስቱም ትንሽ መስለው ከባድ ናቸው። ብዙው ጥፋት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ክብደቱን በዓይን መገመት

ባሌስትራውን የሚጫነው የተሳቢው ሙሉ ክብደት አይደለም። ተሳቢው ከመኪናዋ ኋላ የሚያያዝበት መጎተቻ ኳስ ላይ የሚያርፈው ነው። በአሜሪካኖቹ ልማድ ኳስ ላይ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው እንዲያርፍ ይደረጋል። 2,000 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ከሆነ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ማለት ነው። በአውሮፓ ልማድ የተሠሩት ግን ከዚህ ያነሰ ይጥላሉ። ስለዚህ የጎረቤትዎ ጄኔሬተር ስንት እንደጫነ ለእርስዎ ኮምፕሬሰር ምንም አይነግርዎትም።

ደግሞ 300 ኪሎ ኳስ ላይ ሲያርፍ የኋላ አክስል የሚቀበለው 300 ኪሎ ብቻ አይደለም። ኳሱ ከአክስሉ ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ ፊቷን ያነሳል። ደብል ካቢን ሃይሉክስን እንውሰድ። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 3.085 ሜትር ነው። ኳሱ ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ የኋላ አክስል የሚሸከመው ወደ 417 ኪሎ ይሆናል። ትርፏ 117 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ የተወሰደች ናት። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

መመዘኑ ከባድ አይደለም። እህል የሚመዘንበት የወለል ሚዛን ካገኙ የተሳቢውን አፍንጫ፣ ማለትም ኳሱ ላይ የሚገባውን ጫፍ፣ መኪናው ላይ በሚቆምበት ቁመት ያሳርፉበት። ተሳቢው ለሥራ እንደሚወጣው ነዳጁና ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ይሁን። ሚዛኑ ያን ያህል መሸከሙን ግን አስቀድመው ይጠይቁ፣ የሰው ሚዛን እንዳይሰብሩ።

ከዚያ ሜትር ይያዙ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ይለኩ። አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ ተሳቢው ተያይዞ። ኋላዋ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ፣ ፊቷ ስንት እንደተነሳ በወረቀት ይያዙ። ያቺ ወረቀት ሶማሌ ተራ ላይ ከብዙ ወሬ ታድንዎታለች።

ኋላዋ ከተነሳች አቅሟ ጨመረ ማለት

«ጋሼ፣ ሁለት ብረት እንጨምርባትና እንደ አይሱዙ ትሁን» የሚል ልጅ አይጠፋም። አትሆንም። የመኪናዋን አቅም የሚወስኑት አክስሉ፣ ሻንሲው (ሁሉ ነገር የተቀመጠበት የሥር ብረት)፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ጎማው አንድ ላይ ሆነው ነው። ባሌስትራ ብቻውን ቢወፍር የቀሩት አይወፍሩም።

አዳዲሶቹ ሃይሉክስና ዲማክስ በብዙ አገር እስከ 3,500 ኪሎ እንዲጎትቱ ይፈቀድላቸዋል፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው። ፍሬን ከሌለው ግን ገደቡ 750 ኪሎ ነው። የእርስዎን መኪና ቁጥር ከመመሪያ መጽሐፏ ይዩ፤ ሞዴልና ዓመት ይለያያል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ፍሬን የሌለው ጄኔሬተር ይዞ የሚወርድ ሰው ጭንቀቱ ባሌስትራ መሆን የለበትም። በእኔ አስተያየት ብሩ መጀመሪያ መግባት ያለበት የተሳቢው ፍሬን ላይ ነው።

ፊቷን መርሳት

ወደ 117 ኪሎዋ እንመለስ። ጠንካራ ባሌስትራ አስገቡ፣ ኋላዋ ተስተካከለ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ከፊት ጎማ የሄደው ክብደት ተመለሰ? አልተመለሰም። ቁመቱ ተስተካከለ እንጂ ክብደቱ ባለበት ነው። መሪው አሁንም ቀላል ነው። የፊት ፍሬን አሁንም አስፋልቱን እንደ ልብ አይቆነጥጥም። በዝናብ ደግሞ ይብሳል።

ክብደቱን ወደ ፊት የሚመልሰው ሌላ ዕቃ ነው፦ ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ። ከኳሱ ሥር ወደ ተሳቢው የሚዘረጉ ሁለት ጠንካራ ብረቶች አሉት። እነሱ ሲወጠሩ ከጭነቱ ከፊሉን ወደ ፊት ጎማዎች፣ ከፊሉን ወደ ተሳቢው ጎማዎች ይገፋሉ። ግን አንዳንድ አምራቾች ለመኪናቸው አይፈቅዱትም። የተሳቢው አፍንጫም ለዚህ የሚመች መሆን አለበት። ካልተፈቀደ መፍትሔው ተራ ነገር ነው፦ ስፖንዳ ውስጥ ያለውን ዕቃ ይቀንሱ፣ ወይም ከባድ መኪና ይከራዩ።

የአየር ከረጢትን ለሁሉ ነገር መድኃኒት ማድረግ

ይህ አደጋ ሲደርስ የሚፈነዳው ኤርባግ አይደለም። በአክስሉና በሻንሲው መካከል የሚገባ፣ አየር የሚሞላ ላስቲክ ነው። ጥሩ ጎን አለው። ባዶ ሲሆኑ ያስተነፍሱታል፣ ሲጎትቱ ይሞሉታል። ግን ጣጣም አለው።

ባሌስትራ ጭነቱን ለሻንሲው የሚያካፍለው በሁለት ጫፎቹ ነው። ከረጢቱ ደግሞ መሃል ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ ይገፋል። ከኋላው ኳሱ ወደ ታች እየጎተተ፣ ከረጢቱ ከሥር ወደ ላይ እየገፋ፣ በጉድጓድ መንገድ ሲነዳ ሻንሲው ይታጠፋል። አውስትራሊያ ውስጥ በደብል ካቢን ፒካፖች ላይ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ሻንሲ ከታጠፈ ወጪው የባሌስትራ ወጪ አይደለም። ስለዚህ ከረጢቱን ለትንሽ ማስተካከያ ይጠቀሙበት እንጂ የወረደችውን መኪና በሙሉ አያሸክሙት።

የግራና የቀኙ የአየር ቱቦም ለየብቻ ይሁን። በአንድ ቱቦ ከተገናኙ አደባባይ ሲዞሩ አየሩ ከተጫነው ወገን ወደ ሌላው ይሸሻል፣ መኪናዋም ይበልጥ ትጋደማለች። ባዶ ሲሆኑም ጨርሶ አያስተንፍሱት። አብዛኞቹ አምራቾች ቢያንስ 5 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል እንዲቀር ይፈልጋሉ። አለበለዚያ ላስቲኩ ታጥፎ ይቆረጣል።

የፍሬኑን ቫልቭ አለማየት

ስለዚህኛው ብዙ ሰው አያወራም። በቆዩት ሃይሉክሶችና በሌሎች ብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ኋላዋ ሲወርድ ጭነት አለ ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ኋላዋ ሲነሳ ባዶ ናት ብሎ ይቀንሳል።

አሁን ባሌስትራ አስጨመሩ። ተሳቢው ተያይዞም ኋላዋ ከፍ ብሎ ቀረ። ቫልቩ ተታለለ። ከባድ ጭነት እየጎተቱ የኋላ ፍሬንዎ እንደ ባዶ መኪና ይሠራል፣ ሥራው ሁሉ ቀድሞውንም በቀለሉት የፊት ጎማዎች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ባሌስትራ ሲቀየር ዘንጉ በመመሪያው መሠረት እንዲስተካከል ይጠይቁ። «ችግር የለውም፣ ቫልቩን እናልፈዋለን» ከተባሉ አይስማሙ። ባዶዋን በክረምት አስፋልት ላይ ፍሬን ሲይዙ የኋላ ጎማ ይቆልፍና ትዞራለች። በአዳዲሶቹ ላይ ይህን ሥራ ኤሌክትሮኒክስ ስለያዘው ቫልቩ ላይኖር ይችላል። እንዳለ ወይም እንደሌለ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው።

ሾክ ጭነት ይሸከማል ብሎ መግዛት

ተራው ሾክ አይሸከምም። ንዝረት ያበርዳል እንጂ። ያረጀ ከሆነ ይቀይሩት፤ ጠንካራ ባሌስትራ ሲገባም አብሮ መታየት አለበት። ኋላዋን ከፍ ያደርጋል ብለው ግን ብር አያውጡበት።

ለቅዳሜ ጭነት ሳምንቱን ሙሉ መንገላታት

ባሌስትራ ሻጮች «ቋሚ 300 ኪሎ» ሲሉ ያ ክብደት ሁልጊዜ መኪናዋ ላይ አለ ማለታቸው ነው። ጄኔሬተሩን ለሠርግ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚጎትት ሰው ይህን ከገዛ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮብልስቶኑ ላይ ይዘላል። ብሬከር በመጣ ቁጥር የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ይረግመዋል። የሚዘል ጎማ ደግሞ መንገድ አይጨብጥም።

አልፎ አልፎ ለሚጎትት ሰው የሚሻለው ባዶ ስትሆን የማይነካ፣ ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚያግዝ ድጋፍ ነው። ከዋናው ባሌስትራ በላይ ተነጥሎ የሚቀመጥ አጋዥ ብረት ወይም ሲጨመቅ እየጠነከረ የሚሄድ የላስቲክ ድጋፍ ይህን ይሠራል። ኮምፕሬሰሩን በየቀኑ ለሚጎትት ግን ሙሉ ጠንካራ ባሌስትራ ያዋጣዋል።

በእሳት የተመለሰ ባሌስትራ ማስገባት

የላላ ባሌስትራን በእሳት አግሎ ማጉበጥ ርካሽ ነው። ለጥቂት ጊዜም ያምራል። ነገር ግን የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ግሎ፣ በልክ ቀዝቅዞ ነው። ዝም ብሎ ከጋለ በኋላ በአየር ላይ ከተተወ ያ ጥንካሬ ይሄዳል፣ እንደገና ይተኛል። በብየዳ የተነካው ደግሞ ይሰበራል።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ግራና ቀኙ ከአንድ መኪና የወጣ ይሁን። የብረቶቹን ብዛትና ውፍረት ያስተያዩ። ቦኮላውን (በባሌስትራው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን) አዲስ ያድርጉ።

ተሳቢው ሲወዛወዝ ባሌስትራን መውቀስ

ተሳቢው ግራ ቀኝ የሚልብዎት ከሆነ በመጀመሪያ የጭነቱን አቀማመጥ ይዩ። ከባዱ ነገር ከተሳቢው አክስል ወደ ኋላ ከሄደ አፍንጫው ይቀላል፣ ጅራቱም መኪናዋን ይመታታል። ከጭነቱ ወደ 60 በመቶው ከአክስሉ ፊት ይሁን። ይህ በነጻ ነው። ጎማም ይዩ፦ ጎኑ ላይ 112 የሚል የጭነት ቁጥር ያለው ጎማ በሙሉ ነፋሱ 1,120 ኪሎ ይችላል፣ ነፋሱ ከጎደለ ግን ያንን አይችልም።

ገጠማው ሲያልቅ

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይቀየሩ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ተመልሰው ያስጠብቋቸው፤ አዲስ ባሌስትራ ሲረጋ ይላላሉ። ኋላዋ ከፍ ካለ የፍሬን ቱቦው አለመወጠሩንም ይዩ። የፊት መብራቱም ይስተካከል። የሚስተካከለው ግን ተሳቢው ተያይዞ፣ ለሥራ እንደምትወጣው ተጭና ነው።