ጅማ አጠገብ ባለው የቦዬ ረግረግ ዳር ጉማሬ ሞቶ ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

አንድ ጉማሬ ብቻውን ሞቶ ቢገኝ ብዙ የሚያስደነግጥ አይደለም። ወንዶቹ ክፉኛ ይናከሳሉ፤ ያረጀውም ይሞታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለትና ሦስት ከሞቱ ግን ላቦራቶሪ ሌላ እስኪል ድረስ አባ ሰንጋ (አንትራክስ) ነው ብላችሁ ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 በናሚቢያው ብዋብዋታ ብሔራዊ ፓርክ ከ100 በላይ ጉማሬዎችን የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። ጅማ ዙሪያ ደግሞ ጉማሬውና የገበሬው ከብት አንድ ሣር ይግጣሉ፣ አንድ ውኃ ይጠጣሉ።

ክፉው ጊዜ የበጋው ማብቂያ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጉማሬዎቹ በቀረችው ኩሬ ይታጨቃሉ፣ ሌሊት ወጥተው ያለቀውን ሣር ከነአፈሩ ይነጫሉ። የአባ ሰንጋ ተህዋሲ ዘር (ስፖር) አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያልና ከአፈሩ ጋር ወደ ሆድ ይገባል። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥልም እንዲሁ ንቁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፦ ሬሳው አይከፈት። ሆዱ አይቀደድ፣ ቆዳው አይገፈፍ፣ ጥርሱ አይነቀል። ምክንያቱን ማወቅ ይበጃል፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው «ትንሽ ብትቀምሱ ምን አለበት?» ሲባል ይረታል። ተህዋሲው በሕይወት ባለ እንስሳ ደም ውስጥ ሳለ ደካማ ነው። ሬሳው ሳይከፈት ከቆየ ብስባሴው ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ይገድለዋል። ደሙ ፈስሶ አየር ሲያገኝ ግን ተህዋሲው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ወደ ዘርነት ይለወጣል። ያ ዘር ፀሐይም፣ ድርቅም፣ ተራ የድስት ፍላትም አይበግረውም። ስለዚህ «በደንብ ከተቀቀለ ችግር የለውም» የሚለው ወሬ ሰው ይገድላል። ጉማሬ የሚባለውን አለንጋ ለመሥራት ቆዳውን የሚመኝም አይጠፋም፤ በደረቀ ቆዳና በጥርስ ተሸክሞ በሽታውን ቤቱ ያስገባል።

ምልክቱን ከሩቅ እዩ፤ የስልክ ካሜራ አጉልቶ ማንሳት ይበቃል። ሬሳው ቶሎና ከመጠን በላይ ይነፋል። ከአፍንጫ፣ ከአፍና ከፊንጢጣ ጠቆር ያለ፣ የማይረጋ ደም ይወጣል። ደም አለመታየቱ ግን ከጥርጣሬ አያወጣውም። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፦ ውኃ ውስጥ የሞተ ጉማሬ መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ሆዱ በጋዝ ሲሞላ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ነፋስና ጅረት ይነዳዋል። ያገኛችሁበት ቦታ የሞተበት ቦታ ላይሆን ይችላል፤ ያያችሁበት ሰዓትም የሞተበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደሆኑ፣ ትልቅ ይሁን ግልገል ጻፉ። ያንኑ ተንሳፋፊ ሬሳ ሁለቴ እንዳትቆጥሩ በጎኑ ያለ ጠባሳ ወይም የተቆረጠ ጆሮ ካለ መዝግቡ። በዚያው ሰሞን ዓሣ ወይም ወፍ ከሞተም አንድ ላይ ጻፉ፤ ዓሣው በጅምላ ካለቀ ጥርጣሬው ከአባ ሰንጋ ይልቅ ወደ ውኃው፣ ወደ መርዝ ወይም ወደ አየር እጥረት ያዘነብላል።

ከዚያ ወዲያው ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይነገር፤ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ካለም እሱ ይወቅ። እስኪመጡ ድረስ የእናንተ ሥራ ጥበቃ ነው። ውሾች ይታሰሩ። ሬሳው ደረቅ መሬት ላይ ከሆነ ጅብና ጥንብ አንሣ እንዳይቀዱት ከመቶ እርምጃ ርቃችሁ በየተራ ጠብቁ፤ ሌሊቱን እሳት አንድዱ። ቅጠልና ሸራ የሚያለብሰው ጓንትና ቦት ጫማ ያደረገ ባለሙያ ነው። ከብት ከዚያ ዳርቻ ይራቅ። ቄጠማም ከዚያ አይታጨድ፤ ለቡና የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ልጅ የሚድኽበት ነውና። ዝንብ ሬሳው ላይ ጠግቦ በዙሪያው ባለው ቅጠል ላይ እንደሚተፋም አትርሱ።

ናሙና የሚወስደው ባለሙያ ነው፣ እሱም ሬሳውን ሳይከፍት። ከጆሮ የደም ሥር ወይም ከአፍንጫ ከወጣው ደም በጥጥ ይነካል፣ በመስታወት ላይም ስስ አድርጎ ይቀባል። መስታወቱ ሜቲሊን ብሉ በሚባል ቀለም ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጫፋቸው አራት ማዕዘን የሆኑ ሰማያዊ ዘንጎች ሮዝ ሽፋን ለብሰው በሰንሰለት ይታያሉ። ሬሳው ከበሰበሰ ይህ አይታይም፤ ያኔ ደም ከነካው አፈር መውሰድ ይሻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የጥጡን ናሙና እርጥብ አድርገው ሲልኩ ነው። አድርቆ መላክ ይበልጣል፤ የብስባሴ ተህዋስያን በድርቀቱ ሲደክሙ የአባ ሰንጋው ዘር ይቆያል። ናሙናው ወደ በደሌ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ወደ ሰበታ ይሄዳል።

ማስወገዱ ከባዱ ክፍል ነው። ጉማሬ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ በሰው ጉልበት የሚጎተት አይደለም፤ ቢጎተትም መንገዱን ሙሉ ደም ይረጫል። ከሁሉም የሚመረጠው ባለበት ሙሉ በሙሉ ማቃጠል ነው። ከስሩ አየር እንዲገባ ቦይ ተቆፍሮ ደረቅ ግንድ በብዛት ይደረደራል። እንጨቱ ካነሰ ላዩ ይጠበስና ሆዱ ይፈነዳል፤ ይህ ካለማቃጠል ይብሳል። መቅበር ግድ ከሆነ ጥልቀቱ ቢያንስ 2 ሜትር ይሁን። ረግረጉ ውስጥ ግን አይሆንም፤ ትንሽ እንደቆፈራችሁ ውኃ ይፈልቃል። ወደ ደረቅ ከፍታ ሲወሰድ የሰውነቱ ቀዳዳዎች ፎርማሊን በነካው ጨርቅ ይወተፉ፣ ሬሳው በወፍራም ፕላስቲክ ይጠቅለል፣ በሎደር ይነሣ። ኖራ አትበትኑበት። ኖራ መበተን የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካልሲየም ዘሩ እንዲቆይ ያግዘዋል ተብሎ ስለሚታመን አሁን አይመከርም።

ለከብቱ ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። ለከብት 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በየዓመቱ ይደገማል። ሕያው ክትባት ስለሆነ በዚያው ሰሞን ፔኒሲሊን የተወጋ ከብት ላይ አይሠራም፤ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል። ትኩሳት ያለበት ከብት መጀመሪያ ይታከም፣ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ይከተብ። መከላከያው እስኪዳብርም ሁለት ሳምንት ግድም ስለሚፈጅ በተከተበ ማግስት ወደ ቦዬ መንዳት ክትባቱን ከንቱ ማድረግ ነው። ከመጨረሻው ሞት በኋላ 20 ቀን ሙሉ ከብት ከአካባቢው አይውጣ፣ አይሸጥ።

ሬሳውን የነካ ሰው ራሱን ይመርምር። ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ እጅ ወይም ክንድ ላይ የሚያሳክክ ብጉር ይወጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ መሃሉ እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ዙሪያው ያብጣል። የማያም መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። ጤና ጣቢያ ሲሄድ «የሞተ እንስሳ ነክቼ ነበር» ብሎ ይናገር፤ በጊዜ ከተያዘ በፀረ ተህዋሲ መድኃኒት ይድናል። ሥጋውን የበላ ሰው ደግሞ ምልክት እስኪወጣበት አይጠብቅ፣ ዛሬውኑ ይሂድ።

የተቃጠለበትን ወይም የተቀበረበትን ቦታ አጥራችሁ በማይጠፋ ድንጋይ ምልክት አድርጉበት፣ ለጡብ ሠሪዎችም ለይታችሁ ንገሩ፤ እነሱ ናቸው ከዓመታት በኋላ ያንኑ አፈር ለጡብ የሚቆፍሩት።