በምት የተጎዳ ዓይን፦ ውስጣዊ ጉዳቱ እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይታከማል?

ጃን ሜዳ ላይ በኃይል የተመታ ኳስ፣ ወይም ሚኒባስ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ከፊት ወንበር ጋር መጋጨት፣ ቆዳ ሳይቀደድ ዓይንን ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ምቱ ዓይንን ከፊት ወደ ኋላ ሲጨፈልቀው ወገቡ ወደ ጎን ስለሚለጠጥ፣ የሚቀደዱት በውስጡ ያሉት ስስ አካላት ናቸው። ስለዚህ ሕመሙ ቢበርድም ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ዓይኑን አይሹት፣ በትኩስ ጨርቅ አይተኩሱት፣ ያበጠውንም የዓይን ቆብ በግድ አይግለጡት። ዓይኑ ተሰንጥቆ ከሆነ ትንሽ ግፊት እንኳ ውስጡን ወደ ውጭ ሊያወጣው ይችላልና። ዓይኑን ሳይነካ እንዲከልለው የወረቀት ኩባያ ታችኛውን ክፍል ቆርጠው፣ ጠርዙ በቅንድብና በጉንጭ አጥንት ላይ እንዲያርፍ አድርገው በፕላስተር ያያይዙት። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ አይውሰዱ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችልም እስኪመረመሩ ድረስ ምግብ አይብሉ።

ከዚያም ዓይኑ መገለጥ ከቻለ፣ ጤነኛውን በእጅ ከልለው በተጎዳው ብቻ ይመልከቱ። ብዥታ፣ ብልጭታ፣ እንደ ጥላሸት የሚንሳፈፉ ነጥቦች ወይም ከጎን የሚወርድ መጋረጃ ካለ በዚያው ቀን መታየት ይገባል። ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ቅርብ የሆነው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ያለበት ነው።

ሐኪሙ የማየት አቅምን፣ ብሌኑ ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽና የዓይን ግፊትን ይለካል፤ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶም ሬቲናን (ከዓይን ኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) እስከ ዳር ይመረምራል። ደም ከኋላ ያለውን ከጋረደውና ዓይኑ አለመሰንጠቁ ከተረጋገጠ አልትራሳውንድ ይታዘዛል፤ አጥንት ተሰብሯል ተብሎ ከተጠረጠረ ደግሞ ሲቲ ስካን።

ከኮርኒያ (ከዓይን ፊት ካለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ኋላ የቋጠረ ደም አብዛኛውን ጊዜ በጠብታና በዕረፍት ይጠፋል። ታካሚው ደሙ ወደ ታች እንዲዘቅጥ ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት እንደገና ሊደማ ስለሚችል ግን ክትትሉ መቋረጥ የለበትም። ግፊቱ አልወርድ ካለ ደሙ በቀዶ ሕክምና ይታጠባል።

የተቀደደ ሬቲና ገና ካልተላቀቀ ዙሪያው በሌዘር ይታሰራል። ከተላቀቀ ከውጭ በሲሊኮን ማሰሪያ ይደገፋል፣ ወይም በዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ወጥቶ ጋዝ ይሞላል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል፦ ጋዝ ወደ ከፍታ ሲወጣ ስለሚለጠጥ ግፊቱ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጋዙ መጥፋቱን ሐኪም እስኪያረጋግጥ በአውሮፕላን መሄድ ክልክል ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ካለችው ከተማችን ወደ እንጦጦ መውጣትም እንዲሁ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ዓይኑ ዳነ ተብሎ የሚቀረው ክትትል ነው። የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበት መስመር በምቱ ከተጎዳ፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ከብዙ ዓመታት በኋላ ያለ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ከ1 ወር ገደማ በኋላ መስመሩን ያስመርምሩ፤ ጉዳት ከተገኘበት ግፊቱን በየዓመቱ ያስለኩ፤ ሐኪም በተቀየረ ቁጥርም የትኛው ዓይን መቼ እንደተመታ ይንገሩ።