«አልሰማ አለኝ» ለሚሉ የውሻ ባለቤቶች፦ የሪሞት ኮላር ችግሮችና መፍትሄዎች

ውሻዬ ቻለው ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ካሉት የድሮ ግቢዎች በአንዱ ነው የምንኖረው፤ አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ውሻ። ግማሹ ጀርመን ሼፐርድ፣ ግማሹ የሰፈር ውሻ ነው። የግቢው በር ገርበብ ካለ ይወጣል። ስትጠሩት ቆም ብሎ ያያችኋል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። መስማቱንማ ሰምቷል።

በዚህ ተበሳጭቼ ነው ከሁለት ዓመት በፊት የሪሞት ኮላር የገዛሁት። አንገቱ ላይ የሚታሰር ትንሽ ሳጥን አለው፣ ሪሞቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ስትጫኑት ከሳጥኑ የወጡት ሁለት የብረት ጥርሶች አንገቱን ነዘር ያደርጉታል። ከዚያ ወዲህ ኮላር ገዝቶ አልሠራ ያለው የሰፈር ሰው እኔ ጋ ይመጣል። ባለሙያ አይደለሁም። ከስህተቶቹ አብዛኞቹን ቀድሜ ስለሠራኋቸው ነው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። ስልክ ኪሳችን ውስጥ ሲንቀጠቀጥም ንዝረት እንላለን፣ ኤሌክትሪክ ሲይዘንም ነዘረኝ እንላለን። ሻጭና ገዢ የማይግባቡት እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ኮላሮች ሦስት ነገር አላቸው፦ ጢጥ የሚል ድምፅ፣ እንደ ስልክ ያለ ቫይብሬሽን፣ እና ኤሌክትሪክ። ከዚህ በታች ንዝረት ስል ኤሌክትሪኩን ማለቴ ነው። ከ6 ወር በታች ለሆነ ቡችላ እሱን ጭራሽ እርሱት።

«እጫናለሁ፣ እሱ ግን ምንም አይመስለውም»

በጣም የሚበዛው ቅሬታ ይሄ ነው። ሰው ሁሉ የሚያደርገውም አንድ ነው፦ የንዝረቱን ቁጥር ከፍ፣ ከፍ፣ አሁንም ከፍ። ተዉ። በ10 ያልተሰማው ውሻ 80 ላይ ስትደርሱ ጥርሱ ድንገት ቆዳውን ሊነካው ይችላል። ያኔ ጩኸቱ እስከ ጎረቤት ይሰማል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አስተሳሰሩ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ነው። ሁለቱም ቆዳ ካልነኩ የትም አይሄድም። ጀርመን ሼፐርድ ደግሞ ድርብ ፀጉር አለው፤ ከላይ ሸካራ፣ ከስር እንደ ጥጥ። አጭር ጥርስ እዚያ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ካርቶኑን ፈትሹት። ብዙ ጊዜ ረዘም ያሉ ጥርሶች በትንሽ ፌስታል ተደርገው ይመጣሉ፣ ሰው ትርፍ ዕቃ መስሎት ይጥላቸዋል። አብራ የመጣች ትንሽ መሞከሪያ አምፖል ካለች ሁለቱን ጥርሶች አስነክታችሁ ተጫኑ። ከበራች ሳጥኑ ደህና ነው።

ስታስሩት ውሻው ቆሞ ይሁን፤ ሲተኛ የአንገቱ ውፍረት ይለወጣል። ሳጥኑን ከጉሮሮው ቧንቧ ወደ ጎን አድርጉት። ፀጉሩን በጣት ፈልቅቁ፣ መላጨት አያስፈልግም። ማሰሪያው ሁለት ጣት በግድ የሚያስገባ ይሁን። ሳጥኑን ገፋ ስታደርጉት ቆዳው አብሮ ከሄደ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ከዞረ ላልቷል።

ከዚያ ቁጥሩን ፈልጉ። መጀመሪያ የራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩት። እኔ ሳልሞክር ነው የጀመርኩት፣ በኋላ ስሞክረው አፈርኩ። ቀጥሎ ውሻው ተረጋግቶ ባለበት ሰዓት ከዝቅተኛው ጀምራችሁ አንድ አንድ ጨምሩ። ጆሮውን ነቅነቅ ካደረገ፣ ዝንብ ያረፈበት ይመስል አንገቱን ካከከ፣ እዚያው ላይ ቁሙ። ቁጥሩ እሱ ነው። የቻለው ከ100 ውስጥ 11 ነው። ውሻው ከጮኸ አልፋችኋል፣ ተመለሱ።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካልሰማ፣ ቤተሰቡን ጠይቁ፦ ውሻውን በምን ቃል ነው የምትጠሩት? እኛ ግቢ ስጠይቅ እናቴ «ና ቻለው» ትላለች፣ የጎረቤት ልጆች «ካም» ይላሉ፣ ተከራዩ ያፏጫል፣ እኔ እንደ ንዴቴ ነው። (የአዲስ አበባ ውሻ እንግሊዝኛ ይገባዋል ያለን ማነው? ለየትኛውም ውሻ «ሲት» የማይል ሰው አላየሁም።) ኮላር አዲስ ቃል አያስተምርም። የሚያውቀውን ያስታውሰዋል፣ በቃ።

ስለዚህ አንድ ቃል ምረጡና ግቢው በሙሉ ይስማማበት። አሥር ሜትር ያህል ገመድ እሰሩለት። «ና» በሉ፣ ገመዱን በቀስታ ሳብ አድርጉ፣ ሲደርስ የተቀቀለ ሳንባ ስጡት። ሳንባ ከሥጋ ቤት በርካሽ ይገኛል። ጥሬውን ግን አትስጡ፤ ከከብትና ከበግ ሳንባ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ደግሞ ወደ ሰው የሚተላለፍ የትል በሽታ አለ። ይሄን ሁለት ሦስት ሳምንት አድርጉት፣ ኮላሩ አንገቱ ላይ ይሁን ግን ይጥፋ። ከዚያ በኋላ «ና» ብላችሁ ያችኑ ትንሽ ቁጥር ትጫናላችሁ፣ ፊቱን ወደ እናንተ እንዳዞረ ትለቃላችሁ። እየመጣም ተጭናችሁ ከቀጠላችሁ፣ በመምጣቱ የተቀጣ ይመስለዋል። ሳንባውም ይቀጥላል።

«ሪሞቱና ሳጥኑ አይገናኙም»

ሁለቱንም ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር «ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው ነው ያደርኩት» ማስረጃ አይሆንም። የስልክ ፈጣን ቻርጀር ትታችሁ ተራውን 5 ቮልት ተጠቀሙ። ከዚያ መመሪያው እንደሚለው እንደገና አጣምሯቸው።

ርቀቱን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሜትር ለገላጣ ሜዳ ነው። ጃንሜዳ ላይ ከሩቅ የሠራልኝ ሪሞት፣ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት የቆርቆሮ አጥርና አንድ የብሎኬት ግድግዳ መሀል ሲገባ ጭራሽ አይደርስም። ብልሽት አይደለም፣ ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ቢደርስም ባይደርስም፣ ውሻው ከዓይናችሁ ከተሰወረ አትጫኑ። በዚያች ሰዓት ምን እያደረገ እንደሆነ አታውቁም።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ላይ ይጮሃል»

ይሄኛው የራሴ ነው።

ከጓሮ ያሉት እማማ ጎህ ሲቀድ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ቻለው ነጭ ነጠላቸውን ሲያይ ሮጦ ሄዶ ደረታቸው ላይ መንጠልጠል ይወድ ነበር። ፍቅር ነው እንግዲህ፣ ግን በጭቃ እግሩ ነው። አንድ ጠዋት ወደ እሳቸው ሲሮጥ አየሁና 60 ላይ ተጫንኩ። ጮኸ፣ ተንደባለለ፣ አልጋዬ ስር ገባ። እኔም «ተማረ» አልኩ።

በሳምንቱ እማማ ሲያልፉ ጥርሱን አሳየ። ቀጥሎ ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ ጠላቱ ሆነ። እሁድ ጠዋት አራት ኪሎ ላይ ነጭ ያልለበሰ ስንት ሰው ታገኛላችሁ?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሪሞቱን የያዝኩት እኔ መሆኔን አያውቅም። ሲያመው ዓይኑ ያረፈው እማማ ላይ ነበር፣ ስለዚህ ያሳመሙት እማማ ናቸው። በሌላ ውሻ ላይ፣ በሞተር ሳይክል ላይ፣ በሕፃን ላይ ስትጫኑም እንደዚሁ ነው። በተለይ ቀድሞውንም ሰው የሚፈራ ወይም የሚናከስ ውሻ ላይ ንዝረት መጠቀም እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች የምሰጠው መፍትሄ አንድ ብቻ ነው፦ ኮላሩን አውልቁ።

እኔም አወለቅኩት። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ከግቢው ጥግ ትቆማለች፣ እኔ ከሌላኛው ጥግ ሆኜ ሳንባ እሰጠዋለሁ። ስትሄድ ሳንባውም ይቆማል። በየቀኑ ጥቂት እርምጃ ትጠጋለች። ካጉረመረመ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ከእናቴ በኋላ እራሳቸው እማማ ገቡበት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። «ልጄ፣ ይሄን ነገር አንተ አንገት ላይ ብናስረውስ?» አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ። ሁለት ወር ተኩል ፈጀብን። ለአንድ ሰከንድ አውራ ጣት።

«ከጎጆው አልወጣም አለ»

የዚህም ሥሩ ያው ነው፤ ቁጥሩ በዝቷል፣ ወይም ያንኑ ቦታ ፈርቷል። በሩ አጠገብ የተነዘረ ውሻ በሩን ይፈራል። እየጎተታችሁ አታውጡት። ጥቂት ቀን ያለ ኮላር ተዉት፣ ምግቡን በየቀኑ ትንሽ ወደ በሩ ጠጋ አድርጉለት። ስትመለሱበት ከመጀመሪያው፣ ከዝቅተኛው ቁጥር፣ በሌላ ቦታ ጀምሩ። ወይም አትመለሱበት።

«ኮላሩ ሲወልቅ ያው ነው»

ውሻ ሞኝ አይደለም። ኮላር ሲታሰር ወዲያው የሚነዘር፣ ሲፈታ የማይነዘር ከሆነ ቶሎ ይለየዋል። መፍትሄው ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ማሰር፣ ብዙውን ቀን ምንም ሳይጫኑ መዋል፣ ሽልማቱን ኮላሩ ኖረም አልኖረም መስጠት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ዛሬ ቢሆን እኔ ኮላሩን አልገዛውም ነበር። በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሲጠሩ አልመጣ በማለትና በመሳሰሉት ያስቸገሩ 63 ውሾችን ሦስት ቦታ ከፍለው አሠልጥነው ነበር። በኮላር የሠለጠኑት በሽልማት ከሠለጠኑት የተሻለ ውጤት አላሳዩም፣ የጭንቀት ምልክት ግን ታየባቸው። ዌልስ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠቀሙን ከልክላለች። ቻለውም ዛሬ ስጠራው የሚመጣው ለሳንባው ነው። ባይመቸኝም እውነቱ ይሄ ነው።

«ሌሊት መጮኹን አላስቆመውም»

ይሄ ውሻው ሲጮህ ያለ ሪሞት ራሱን የሚያስነሳ ኮላር የገዙ ሰዎች ጥያቄ ነው። ርካሾቹ የሚያዳምጡት ድምፅ ብቻ ስለሆነ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ የእናንተን ይነዝሩታል። የጉሮሮውን እንቅስቃሴ ጭምር የሚለየው ይሻላል።

ግን ለምን እንደሚጮህ አጣርታችኋል? ቀበና ወንዝ ዳር ጅብ አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሽታው ሲመጣ የሚጮህ ውሻ ሥራውን እየሠራ ነው። አጥንትና ትራፊ ከበር ውጭ አታሳድሩ፣ የአጥሩን ስር በድንጋይ ድፈኑ፣ ውሻውን ወደ በረንዳ አስገቡት። ሌላው ምክንያት ቀኑን ሙሉ ሰንሰለት ላይ መዋል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ታክሲ ተራው ሳይሞላ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው ሰፊው የእግረኛ መንገድ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በአጭር ገመድ አንድ ዙር ደርሳችሁ ተመለሱ። የሌሊቱ ጩኸት ምን ያህል እንደሚቀንስ ታያላችሁ።

«አንገቱ ላይ ሁለት ቁስል ወጣ»

ሰው አይቶ «ኤሌክትሪኩ አቃጠለው» ይላል። ብዙ ጊዜ የጥርሶቹ ጫና ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ደም ያሳጣዋል፣ ቆዳው ይሞታል። በክረምት ፀጉሩ ሲርስ ይብሳል። ኮላሩን አውልቁ፣ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፣ ሳይድን አትመልሱት። መግል ካለው ወይም ከሸተተ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ወደፊት በየሁለት ሰዓቱ ቦታ ቀይሩለት፣ ማታ ጭራሽ አይደርበት።

«ድሮ ይሰማ ነበር፣ አሁን እልኸኛ ሆነ»

እዚህ ላይ ሪሞቱን አስቀምጡ። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ታሞ ሊሆን ይችላል። ያለ ምክንያት መናከስ ከጀመረ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ አትጠጉት። ዘግታችሁበት ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጋሼ የ11 ዓመት ውሻቸውን ይዘው መጡ። «ንቆኛል» አሉኝ። ከውሻው ኋላ የድስት ክዳን ጣልኩ። ዞር አላለም። እንደገና ጣልኩ፤ ጆሮውንም አላነቃነቀ። ደንቁሯል። ጋሼ ዝም ብለው ጭንቅላቱን ሲደባብሱት ቆዩ። ኮላራቸውን ወሰድኩና ሁለቱን ጥርሶች ፈትቼ ጣልኳቸው፣ ቫይብሬሽኑ ብቻ ቀረ። አንዴ ሲንቀጠቀጥ አንድ ቁራሽ ሳንባ። እንደገና ሲንቀጠቀጥ እንደገና ሳንባ። በአራተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥ ቀና ብሎ ወደ ጋሼ አየ፤ እሳቸውም በእጃቸው ና አሉት፣ መጣ።