ጅማ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ አጥሩን ዙሩ

ደላላው ደውሎ «ቤቱ እንኳን ያው አሮጌ ነው፣ ግቢው ግን ሜዳ ነው» ይላችኋል። ጅማ ውስጥ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህቺን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል። እኔም በቾ ቦሬ፣ መንደራ ቆጪ፣ ህርማታ፣ ጅሬን መውጫ እያልኩ ከዓመት በላይ ግቢ ለግቢ ስዞር ሰምቻታለሁ። ብዙ ጊዜም እውነት ናት። ችግሩ ሜዳው ሁሉ የሻጩ አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ ግቢ ስትገቡ ሳሎን ግቡ ቢሏችሁም «መጣን» በሉና አጥሩን ዙሩ። የ50 ሜትር ሜትርና ጫፉን የሚይዝላችሁ አንድ ጓደኛ ይኑር። አራቱንም ጎን ለኩና ከካርታው ጋር አስተያዩት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እናንተ የምትገዙት ቤቱን ነው፣ ከሱ ጋር በቦታው የመጠቀም መብት ይከተላል። ያ መብት ደግሞ ካርታው ላይ እስከተጻፈው ካሬ ድረስ ነው፤ አጥሩ የፈለገውን ያህል ይክበብ።

አንድ ግቢ አይቼ ልቤ ሄዶ ነበር። ከኋላ ትልቅ አቮካዶ፣ ከሥሩ ቡና፣ ጥግ ላይ እንሰት። ስንለካው ወደ 640 ካሬ ሆነ፤ ካርታው 480 ይላል። 160ው የት ሄደ? አቮካዶው፣ ማድቤቱና ሽንት ቤቱ ያሉበት የኋላው ክፍል ነው፤ የሻጩ አባት ድሮ ወደ ቦዩ አስፍተው ያጠሩት። ሰውዬው አልዋሸኝም፣ እዚያው ተወልዶ ስላደገ የራሱ መስሎታል። ዋጋውን ግን በ640 አስቦ ነው የጠራው። በ480 ሳካፍለው ቀጣዩ መንገድ ላይ ካለ የብሎኬት ቤት በካሬ ይበልጥ ነበር። ቡናቸውን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ቀጥሎ፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)? አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ ነባር ነው። ሻጩ በዓመት የሚከፍላትን ትንሽ የቦታ ግብር ካርኒ ያሳያችኋል፣ «ይቺው ናት» ይላችኋል። ለሱ ይቺው ናት። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ግን ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል። ስለዚህ ከመፈራረማችሁ በፊት የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና «በእኔ ስም ሲዞር ስንት ይሰላብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎረቤት አምና የከፈለውን አትመኑ፤ አሠራርና ተመን ይቀያየራል።

አሮጌ ግቢ ውስጥ ደግሞ የታሪክ ዕዳ አለ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ባለቤቱ አንዱን ቤት ይዞ ሌላው ለቀበሌ የሄደበት ግቢ ብዙ ነው። ዛሬ ስትገቡ አጥሩ አንድ፣ በሩ አንድ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል አለ። ሻጩ «ተከራዮች ናቸው» ይላል። ተከራይ መሆናቸው ልክ ነው፣ ጥያቄው የማን የሚለው ነው። ራሳቸውን ቀረብ ብላችሁ «ኪራይ ለማን ነው የምትከፍሉት?» በሏቸው። «ለቀበሌ» ካሏችሁ እነዚያ ክፍሎችና የሚረግጡት መሬት ከሒሳቡ ይውጡ፤ መግቢያ በሩንም አብራችኋቸው ልትጠቀሙ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ከሄዳችሁ አይቀር ፕላኑንም ጠይቁ። መንገድ ይነካዋል ወይ? ቦታው ላይ ስንት ፎቅ ነው የሚፈቀደው፣ ቢያንስስ ስንት ፎቅ ሥሩ ይባላል? ዋና መንገድ ዳር ከሆነ ፕላኑ ፎቅ ሊፈልግ ይችላል፣ ያኔ ጭቃ ቤቱን አድሼ እኖራለሁ ያላችሁት ሐሳብ ፈቃድ ሊያጣ ነው። መንገድ ከቆረጠውም ካሳ የሚታሰበው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ቀይ ቀለም አጥሩ ላይ ከተቀባ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ጭቃ ቤት ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ከድንጋይ መሠረት ላይ የተነሣ፣ ጣሪያው የማያፈስ ጭቃ ቤት የልጅ ልጅ ያሳድጋል። የሚገድለው ከእግሩ የሚገባ እርጥበትና ምስጥ ነው፣ ጅማ ላይ ሁለቱም ሞልተዋል። እኔ ኪሴ ውስጥ ካቻቢቴ ይዤ ነው የምሄደው። ልስኑ የተላጠበትን ጥግ ፈልጉ፤ አልጋ ጀርባ፣ ማድቤት በኩል፣ አሸንዳ የሚንጠባጠብበት ጎን። ቋሚው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ካቻቢቴውን ጫን አድርጉት። ደረቅ እንጨት ይመልሰዋል። እንደ ሳሙና ከዋጠው ቋሚው አልቋል፣ ቤቱን የያዘው ልስኑ ነው። ከመሬት ተነሥታ ግድግዳው ላይ የምትሳብ የእርሳስ ውፍረት ያላት የጭቃ መስመር ካያችሁ የምስጥ መንገድ ናት፤ ፋቅ አድርጓትና ውስጧ የሚሯሯጥ ነገር ካለ እዩ። ደግሞ ግድግዳው ከታች ግማሽ ሜትር ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ እርጥበት ሊሸፍንበት እንደሆነ ጠርጥሩ።

ጣሪያውን ለማየት ፀሐይ ሲበረታ ኮርኒሱ ከተቀደደበት ወይም ማድቤት ውስጥ ቆማችሁ ቀና በሉ። በጠራራ ፀሐይ ኮከብ ከታያችሁ ቆርቆሮው ተበስቷል። ቆርቆሮ መቀየር ግን ቀላሉ ወጪ ነው፤ ቆርቆሮውን የተሸከመው ወራጅ ከበሰበሰ ነው ጉዱ።

ከተቻለ ዝናብ ላይ ተመልሳችሁ ሂዱ። ጅማ ዝናብ አይጠፋምና ሰበብ የላችሁም። በተለይ አዌቱ ወንዝ አቅራቢያ ወይም ወደ ቂጦና ቦዬ በኩል ባለው ዝቅ ያለ ሜዳ ከሆነ። ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም አብሮት ይሰነጠቃል። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን አስነሥታችሁ እዩ፤ ይሸታል፣ ምን ይደረግ። ውሃው አፉ ድረስ ከመጣ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ነገ ፎቅ ብታስቡ መሠረቱ ገንዘብ ይበላል።

ጎረቤትም ጠይቁ፣ ግን አጠያየቁን እወቁበት። «እማማ፣ ጎርፍ ይገባል እንዴ?» ካላችሁ «ኧረ የለም ልጄ» ነው መልሱ፤ የጎረቤት ገበያ ማበላሸት ማን ይወዳል? እኔ አንዴ «እማማ፣ ክረምት ላይ ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባው?» አልኳቸው። «ድሮ በፊት በር ነበር፣ ቦይ ካስቆፈሩ ወዲህ በማድቤት ነው» አሉኝ፣ ቡናውን እየቀዱ።

ቅርጹንም አትርሱ። 500 ካሬ ሆኖ ፊቱ 9 ሜትር ብቻ የሆነ ቦታ ከ350 ካሬ ሰፊ ፊት ያለው ቦታ ሊያንስ ይችላል። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪናና የአሸዋ መኪና ይገባሉ? የመብራትና የውሃ ቆጣሪው የግል ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር? ውዝፍ የለበትም?

ዋጋ ላይ ስትደርሱ ሁለት ሒሳብ ለየብቻ ሥሩ። አንደኛው የተጠየቀው ብር በካርታው ካሬ ሲካፈል፣ እዚያው ሠፈር በቅርቡ ከተሸጠው ጋር። ሁለተኛው ቤቱ፤ ሳልነካው ስንት ዓመት ያኖረኛል፣ ባከራየውስ? አፍርሳችሁ ልትሠሩ ከሆነ ቤቱ ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም የማፍረሻ ወጪ ነው፣ ከቆርቆሮውና ከእንጨቱ የምትለቅሙት ትንሽ ቢያካክስም። ሻጩ ቡናውንና ማንጎውንም ይቆጥርላችኋል። ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ወረቀቱ ላይ አጭር ልበል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። የውርስ ቤት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃውን አይታችሁ ወራሾቹ ሁሉ ይቅረቡ፤ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለው ወንድም በስልክ «እሺ» ማለቱ ፊርማ አይሆንም። ውክልና ካመጡ «ቤት መሸጥ» የሚል በግልጽ ይጻፍበት። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ከማህደሩ አጣሩ። ቀብድ ደግሞ ይህ ሁሉ ሳያልቅ እንዳትሰጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ሰጥቶ የቀረ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀብሎ የቀረ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው «ሌላ ገዢ ማታ ይመጣል» ካላችሁ ይምጣ፤ እናንተ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ቀጠሮ አላችሁ።