በእጅ የተሠራ ስቶንዌር ሲሰበስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንጦጦን ጭጋግ፣ የዛፍ ሽበትን ወይም የወንዝ ዳር ድንጋይን የሚያስታውስ የስቶንዌር (ምድጃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሸክላ) ሳህን ሲያዩ ዓይን ወዲያው ፊቱ ላይ ያርፋል። የሰብሳቢ ጥፋት የሚጀምረውም እዚያው ነው። ምግብ የሚቀርብበት ሳህን መጀመሪያ መታየት ያለበት ጀርባው ነው። የአፈሩ ዓይነት፣ የተተኮሰበት ሙቀትና የሠሪው ጥንቃቄ የሚነበቡት ግሌዙ፣ ማለትም አፈሩን የሚሸፍነው ቀልጦ እንደ መስተዋት የረጋ ልባስ፣ ባልነካው የእግሩ ቀለበት፣ ማለትም ሳህኑ በሚቆምበት ክብ ጠርዝ፣ ላይ ነው።

ከባድና ቡናማ የሆነውን ሁሉ ስቶንዌር ማለት

ስቶንዌር የሚተኮሰው ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት አፈሩ ውስጥ ያሉት ማዕድናት በከፊል ቀልጠው ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ። በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ግን ግሌዙ የቱንም ያህል ቢያምር ከውስጥ ውሃ መጣጭ ሆኖ ይቀራል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጥቁር ድስትና ጀበና በሌላ ሙያ የተሠሩ ናቸው፤ በአነስተኛ ሙቀት ተተኩሰው እሳት ላይ እንዲጣዱ የታሰቡ። በስቶንዌር ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም።

ከስጦታ ዕቃ ሱቅ ሲገዙ፣ ባለሱቁን አስፈቅደው አንድ ጠብታ ውሃ እግሩ ቀለበት ላይ ጣል ያድርጉ። ጠብታው ባለበት ከቆየ ጥሩ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ ከተመጠጠ አፈሩ አልበሰለም። ቤት ሲደርሱ ደግሞ በወጥ ቤት ሚዛን ያረጋግጡ። ደረቁን ሳህን ይመዝኑ፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ላዩን በፎጣ አድርቀው መልሰው ይመዝኑ። 800 ግራም የነበረው 816 ከሆነ 2 በመቶ ጠጥቷል ማለት ነው። ምንም ግሌዝ ለሌለው ስቶንዌር ይህ የሚያሰጋ አይደለም። በግሌዝ ለተሸፈነ ሳህን ግን ውሃው የገባው በዚያች ቀጭን ቀለበት ወይም በግሌዙ ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ ልብ ሊሉት ይገባል። እንዲህ ያለው ሳህን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከምግቡ ይልቅ ራሱ ይግላል፤ ውሎ አድሮም ግሌዙ ይሰነጣጠቃል።

አረንጓዴውን ሳይፈትኑ እንጀራ መዘርጋት

ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። የተፈጥሮን መልክ ለግሌዙ የሚሰጡት የብረታ ብረት ኦክሳይዶች ናቸው፤ ብረት ከማር ቀለም እስከ ጥቁር ቡናማ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ ደግሞ አረንጓዴ ያወጣል። መዳቡ ሲበዛ፣ በተለይ ግሌዙ ወዝ የሌለውና ደብዛዛ ሲሆን፣ መዳቡን አጥብቆ አይዘውም፤ አሲድ ሲነካው ይለቀዋል። የእኛ ገበታ ደግሞ አሲድ አያጣም፦ እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ነው፣ ቲማቲምና ሎሚ የገባበት ሰላጣ አለ፣ ስልጆ አለ።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ቁራጭ ሎሚ ግሌዙ ላይ አጋድመው ያሳድሩ፤ ወይም አቼቶ አፍስሰው 24 ሰዓት ያቆዩ። ታጥቦ ሲደርቅ ሎሚው ያረፈበት ቦታ ከነጣ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ወዙን ካጣ ያ ሳህን ለግድግዳ ወይም ለደረቅ ቆሎ ይሁን። ቀለሙ አለመለወጡ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም። እርሳስና ካድሚየም ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊወጡ ይችላሉ፤ እነሱን በእርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። እዚያ ሳህኑን 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ሞልተው 24 ሰዓት ካቆዩት በኋላ የወጣውን ይለካሉ። ስለዚህ ሠሪውን በግልጽ ይጠይቁ፦ «ግሌዙ እርሳስ አለበት? ምግብ እንዲነካው ታስቦ ነው የተሠራው?» መልሱ ከተድበሰበሰ፣ በተለይ ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ ቀለም ላይ፣ ባይገዙት ይሻላል።

ስንጥቁን እንደ ጌጥ ማየት

የሸረሪት ድር የመሰለው ስስ ስንጥቅ የሚፈጠረው ሳህኑ ሲቀዘቅዝ ግሌዙ ከአፈሩ ይበልጥ ስለሚኮማተር ነው። ሆን ብለው የሚያመጡት ሠሪዎች አሉ፤ ለአበባ ማስቀመጫ ያምራል። ቀይ ወጥ በሚቀርብበት ሳህን ላይ ግን በርበሬና ዘይት ሰርጎ ይገባና አይለቅም፤ የሳህኑም ጥንካሬ ይቀንሳል። ሳህኑን በጣቶችዎ ጫፍ ከሥር ደግፈው በሌላው እጅዎ የጣት አንጓ መታ ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ጥሩ ምልክት ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

በኒዮን መብራት መምረጥ፣ አንድ በአንድ መግዛት

ደጅ አውጥተው በቀን ብርሃን ይዩት። አንድ ዓይነት ግሌዝ እንኳ በውፍረቱ፣ ምድጃው ውስጥ በነበረበት ቦታና በቀዘቀዘበት ፍጥነት መልኩ ይለያያል፤ ከዓመት በኋላ የጎደለውን ልሙላ ቢሉ ተመሳሳዩን አያገኙም። 6 ሳህን ከፈለጉ ከአንድ ተኩስ የወጡ 8 ይግዙ። ሰፋፊ ሳህኖች ምድጃ ውስጥ ስለሚጣመሙ የባለሱቁ መስተዋት ላይ አስቀምጠው ጠርዙን ጫን ጫን ያድርጉ፤ የሚንገዳገደውን ይመልሱ።

እንደ ሸክላ ድስት እሳት ላይ መጣድ

ስቶንዌር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይችልም። ከሰልም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም ላይ አይጣድም። ኦቭን ውስጥ ሲያስገቡት ኦቭኑ ቀዝቃዛ ይሁን፣ አብሮት ቀስ ብሎ ይሙቅ። ከፍሪጅ የወጣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ የፈላ ሾርባ አይገለብጡ።

ደራርቦ መርሳት

ሻካራው የእግር ቀለበት ከሥሩ ያለውን ሳህን ግሌዝ ይፍቃል። የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚጠቀሙበትን 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ገዝተው ቀለበቱን እያረጠቡ ይሹት። በደረቁ አይሹት፤ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ነው። በየመሃሉም ቁራጭ ጨርቅ ያስገቡ። ክረምት ላይ ቀለበቱ ሳይደርቅ ከተደራረበ ይሻግታል፤ ስለዚህ ካጠቡ በኋላ ደፍተው ያሳድሩት። ደብዛዛ ግሌዝ ላይ የሚታየው ግራጫ መስመር ብዙ ጊዜ ጭረት ሳይሆን ከሹካና ከቢላ የቀረ ብረት ነው። በሽቦ አይፈግፍጉት፤ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሰው በለስላሳ ስፖንጅ ሲያሹት ይለቃል።